የቲቢ ባክቴሪያን ጂኖም በነጻ ሶፍትዌር አኖቴት ማድረግ፦ ከጋላክሲ እስከ አርቴሚስ

ከሲኩዌንሲንግ ማሽን ወጥቶ የተገጣጠመ ጂኖም ሲከፈት የሚታየው የአራት ፊደላት ረጅም ሰልፍ ብቻ ነው። የትኛው ቁራጭ ፕሮቲን እንደሚሠራ፣ የትኛው የራይቦዞም አርኤንኤ እንደሆነ፣ ሪፋምፒሲን የሚያጠቃው ፕሮቲን ጂን ከየትኛው ፊደል እንደሚጀምር ለይቶ ቦታና ስም መስጠት አኖቴሽን ይባላል። ለባክቴሪያ ጂኖም ይህን ለመሥራት ዛሬ የሚገዛ ሶፍትዌርም የራስ ሰርቨርም አያስፈልግም፤ ብራውዘር ያለው ላፕቶፕና እየተቆራረጠም ቢሆን የሚሠራ ኢንተርኔት ይበቃል። ፕሮግራሙን ማስኬድ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ጊዜ የሚበላው ያወጣውን መፈተሽ ስለሆነ እዚህም ሰፊውን ቦታ የያዘው ፍተሻው ነው።

በምሳሌነት የያዝነው ማይኮባክቴሪየም ቱበርክሎሲስን ነው። የማመሳከሪያው ስትሬይን የኤች37አርቪ ጂኖም በ1998 ከታተመ ወዲህ ጂን በጂን ሲታረም ስለኖረ፣ የእናንተን ውጤት የምታመሳክሩበት የታመነ መልስ አለ። ጉዳዩ የቤታችንም ነው፦ ዘር ሐረግ 7 የተባለው የቲቢ ቅርንጫፍ በ2013 በታተመ ጥናት የተገለጸው ከኢትዮጵያ ታማሚዎች በተገኙ ናሙናዎች ነበር። ኤች37አርቪ ደግሞ የዘር ሐረግ 4 ነው፤ ይህ ልዩነት «ጠፉ» የሚባሉ ጂኖችን ስንመረምር ያስፈልገናል።

የምንጠቀምባቸው መሣሪያዎች

ጋላክሲ በብራውዘር የሚሠራ ክፍት መድረክ ነው። በመቶዎች የሚቆጠሩ የባዮኢንፎርማቲክስ ፕሮግራሞችን በቅጽ መልክ ያቀርባል፤ ትእዛዝ መጻፍ የለም፣ ቅጹን ሞልቶ ማስኬድ ብቻ ነው። ሕዝባዊ ሰርቨሮቹ ዋናው የአሜሪካው፣ ከጀርመን ፍራይቡርግ የሚመራው የአውሮፓውና የአውስትራሊያው ናቸው። በነጻ ከተመዘገባችሁ በአሜሪካውም ሆነ በአውሮፓው 250 ጊጋባይት ማስቀመጫ ታገኛላችሁ፤ ለአንድ የባክቴሪያ ፕሮጀክት ከበቂ በላይ ነው። ከአኖቴሽን በኋላ በእጅ ለማረም ስለሚመች የአውሮፓውን እንመክራለን፤ አፖሎ የሚባለው የማረሚያ መሣሪያ እዚያ ከጋላክሲ ጋር ተያይዞ ይገኛል።

ሥራውን የሚሠሩት ሁለት ፕሮግራሞች ፕሮካና ባክታ ናቸው። ፕሮካ በ2014 የታተመ ሲሆን በውስጡ ሌሎች ፕሮግራሞችን በተራ ያስኬዳል፦ ፕሮዲጋል ፕሮቲን የሚሠሩ ጂኖችን ይፈልጋል፣ አራጎርን ቲአርኤንኤን፣ ባርናፕ የራይቦዞም አርኤንኤን። ከዚያ የተገኘውን እያንዳንዱን ፕሮቲን ከዳታቤዝ ጋር አመሳክሮ ስም ይሰጠዋል። በ2021 የታተመው ባክታም አሠራሩ ተመሳሳይ ነው፤ ዳታቤዙ ግን እጅግ ሰፊ ነው፣ በየጊዜውም ይታደሳል። በፕሮካ እንጀምራለን፤ ቅጹ አጭር ነው፣ ስህተቱም ለማንበብ ይቀላል። በባክታ ደግሞ እናመሳክራለን።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ አሰምብሊው ይፈተሽ

የተበላሸ አሰምብሊ (የተገጣጠመ ጂኖም) ላይ የተሠራ አኖቴሽን አይታረምም፣ እንደገና ይሠራል። ስለዚህ የተገጣጠመውን የፋስታ ፋይል (ፊደላቱ በየስማቸው የተጻፉበት ተራ የጽሑፍ ፋይል) ጋላክሲ ላይ ጫኑና መጀመሪያ ኳስት በሚባለው ፕሮግራም አሳልፉት። ፋይሉ 4.4 ሜጋባይት ገደማ ብቻ ስለሆነ በደካማ ኔትወርክም ይጫናል። ጥሬዎቹ ሪዶች (ማሽኑ ያነበባቸው ቁራጮች) ግን በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ናቸው። እነሱ በአውሮፓ ኑክሊዮታይድ መዝገብ ካሉ አውርዳችሁ መልሳችሁ አትጫኑ፤ የመዝገብ ቁጥሩን ወይም ሊንኩን ለጋላክሲ ስጡት፣ ሰርቨሩ ራሱ ያመጣዋል፣ የእናንተ ዳታ አይነካም።

የታማሚን ናሙና በተመለከተ አንድ ግዴታ አለ። ከአክታ በቀጥታ የተነበበ ናሙና ውስጥ የሰው ዲኤንኤ ይኖራል። ጥሬ ሪዶችን ወደ ሕዝባዊ ሰርቨር ከመላካችሁ በፊት የሰውን ሪዶች በራሳችሁ ኮምፒውተር አጣርታችሁ አውጡ። የናሙናው ስም ላይም የታማሚ ስም ወይም የካርድ ቁጥር አይኑር።

ከኳስት ሪፖርት ላይ የምታዩት ሦስት ቁጥር ነው። የኤች37አርቪ ጂኖም 4,411,532 ቤዝ (ፊደል) ነው፣ የጂሲ ድርሻው (ከፊደላቱ ጂ እና ሲ የሆኑት) 65.6 በመቶ። በአጭር ሪድ የተገጣጠመ የቲቢ ጂኖም ከዚህ ትንሽ አንሶ 4.3 ሚሊዮን ገደማ ላይ ቢቆም ጤነኛ ነው፤ ተደጋጋሚ ክፍሎች እርስ በርስ ስለሚደራረቡ ርዝመቱ ያጥራል። ከ100 እስከ 200 በሚሆኑ ኮንቲጎች (ያልተቋረጡ ቁራጮች) መሰባበሩም የተለመደ ነው። የሚሰባበርበትም ቦታ ይታወቃል። አይኤስ6110 የተባለው 1,355 ቤዝ ርዝመት ያለው ተዘዋዋሪ ቁራጭ በኤች37አርቪ ውስጥ 16 ቦታ ይገኛል፤ ፒኢ እና ፒፒኢ የሚባሉት የፕሮቲን ቤተሰቦች ደግሞ ከጂኖሙ የኮድ አቅም አንድ አሥረኛ ገደማ ይይዛሉ፣ እርስ በርስም እጅግ ይመሳሰላሉ። 150 ቤዝ የሚረዝም ሪድ እነዚህን መሻገር አይችልም፣ አሰምብለሩም እዚያ ይቆማል።

የሚያሳስበው ሌላ ነው። ጠቅላላ ርዝመቱ ከ4.5 ሚሊዮን በግልጽ ካለፈ ወይም የጂሲው ድርሻ ወደ 60 ከወረደ ናሙናው ውስጥ ሌላ ፍጥረት አለ። እዚህ ላይ አቁሙና ሪዶቹን ክራከን 2 በሚባለው ፕሮግራም አስመርምሩ፤ ምን እንደተቀላቀለ ይነግራችኋል። በብክለቱ ላይ ፕሮዲጋልን ብታስኬዱት ጉዳቱ የባዕዱን ጂኖች በመጨመር አያበቃም። ፕሮዲጋል የጂን መለያ መስፈርቱን የሚማረው ከሰጣችሁት ፋይል ራሱ ስለሆነ፣ የተቀላቀለ ፋይል የቲቢውን ጂኖች አለያየትም ያበላሽበታል። ይህ የመማር ባሕርይ ሌላም መዘዝ አለው፦ ከ20,000 ቤዝ ያነሰ ፋይል፣ ለምሳሌ አንድ ትንሽ ፕላዝሚድ ብቻውን ሲሰጠው፣ በመደበኛው አሠራር አልማርም ብሎ ይቆማል።

የታመኑ ፕሮቲኖችን ማዘጋጀት

ብዙ ጀማሪ የሚዘለው፣ ለውጤቱ ግን ከሁሉ በላይ የሚጠቅም እርምጃ ይህ ነው። ፕሮካ ከራሱ ዳታቤዝ በፊት እናንተ የሰጣችሁትን የፕሮቲን ዝርዝር እንዲያይ ማድረግ ይቻላል። ኤች37አርቪን ስትሰጡት የቲቢ ተመራማሪዎች የሚያውቋቸው የጂን ስሞች ይወርሳሉ፣ «ሃይፖቴቲካል ፕሮቲን» (ሥራው ያልታወቀ ፕሮቲን) ተብሎ የሚቀረውም ቁጥር በጣም ይቀንሳል።

ከአሜሪካው የባዮቴክኖሎጂ መረጃ ማዕከል የኑክሊዮታይድ መዝገብ ላይ ኤንሲ 000962 ቅጂ 3 የሚለውን ፈልጉ። ስታወርዱ ከቅርጸቶቹ መካከል ሙሉ ጄንባንክ (ፊደላቱንና የጂኖቹን ዝርዝር አብሮ የሚይዝ ቅርጸት) የሚለውን ምረጡ፤ ተራውን ጄንባንክ ከመረጣችሁ ለትልልቅ መዝገቦች የጂኖቹን ዝርዝር ሳያካትት ሊወርድ ይችላል፣ ያ ፋይል ደግሞ ለፕሮካ አይረባም። የፕሮቲን ፋስታ መስጠትም ይቻላል፣ ግን ፕሮካ የራስጌውን መስመር በራሱ ሥርዓት ይጠብቃል፦ የኢንዛይም ቁጥር፣ የጂን ስም፣ የፕሮቲኑ ስም፣ በመሃላቸው ሦስት ሦስት የማዕበል ምልክት። ተራ የፕሮቲን ፋስታ ስትሰጡት ራስጌውን በሙሉ እንደ ፕሮቲን ስም ይወስደዋል፤ የጂን ስም ባዶ ይቀራል፣ በቅንፍ ያለው የባክቴሪያው ስምም በየጂኑ ላይ ተለጥፎ ይመጣል። ጄንባንኩ ከዚህ ሁሉ ያድናል።

የፕሮካን ቅጽ መሙላት

በግራ በኩል ባለው መፈለጊያ ፕሮካ ብላችሁ ክፈቱ። አኖቴት የሚደረገው ኮንቲግ በሚለው ላይ አሰምብሊያችሁን ምረጡ። የሎከስ ታግ (የእያንዳንዱ ጂን መለያ) ቅድመ ቅጥያ በሚለው ላይ አጭር መለያ ስጡ፤ ከ3 እስከ 12 ፊደልና አሃዝ፣ በአሃዝ የማይጀምር። ወደ ጄንባንክ (የማዕከሉ ሕዝባዊ መዝገብ) የማስገባት ሐሳብ ካላችሁ ቅድመ ቅጥያው በዘፈቀደ አይሰጥም፣ ፕሮጀክቱን ስታስመዘግቡ ይሰጣችኋል፤ ስለዚህ መጀመሪያ አስመዝግቡ። በኋላ 4,000 ጂን እንደገና መሰየም አስቸጋሪ ብቻ ሳይሆን በመሃል የተጻፉ ሠንጠረዦችን ሁሉ ያፋልሳል።

ቀጥሎ የጄንባንክን ሥርዓት አክብር የሚለውን አብሩት፣ የማዕከል መለያ በሚለውም ላይ የላቦራቶሪያችሁን ምህጻር አስገቡ። ጥቅሙ ሁለት ነው። ከ200 ቤዝ ያነሱ ኮንቲጎች ይጣላሉ፤ የኮንቲጎቹ ስምም ያጥራል። ፕሮካ ከ37 ፊደል የረዘመ የኮንቲግ ስም አይቀበልም፤ ስፔድስ የሚባለው አሰምብለር ደግሞ ርዝመቱንና የንባብ ጥልቀቱን በስሙ ላይ ስለሚደረድር በቀላሉ ወደዚያ ይጠጋል። ሳጥኑ ቀይ ሆኖ ሲመጣና የስህተቱ መልእክት ስለ ኮንቲግ ስም ርዝመት ሲናገር መፍትሄው ይኸው ነው።

ጂነስ በሚለው ማይኮባክቴሪየም፣ ዝርያ በሚለው ቱበርክሎሲስ፣ ስትሬይን በሚለው የናሙናችሁን መለያ ሙሉ። ኪንግደም ባክቴሪያ ይሁን። የጀነቲክ ኮዱ 11 ሆኖ ይቆይ። ማይኮባክቴሪየምንና ማይኮፕላዝማን በስማቸው መመሳሰል አምታትቶ 4 የሚመርጥ አለ። በኮድ 4 ቲጂኤ የሚለው ኮዶን (የሦስት ፊደል ቃል) ማቆሚያነቱ ቀርቶ ትሪፕቶፋን ይሆናል፤ የቲቢ ጂኖች መቆሚያቸውን አልፈው ጎረቤታቸው ውስጥ ይገባሉ። የማይኮፕላዝማን ጂኖም በ11 ብታስኬዱ ተቃራኒው ይደርሳል፣ ጂኖቹ በመሃል እየተቆረጡ ቁጥራቸው ያብጣል።

የጂነስን ልዩ ዳታቤዝ ተጠቀም የሚለው ምርጫ ለቲቢ አይጠቅምም፤ ከፕሮካ ጋር የሚመጡት የጂነስ ዳታቤዞች የኢንተሮኮከስ፣ የኤሸሪኪያና የስታፊሎኮከስ ናቸው። የታመኑ ፕሮቲኖች በሚለው ቦታ ግን ያወረዳችሁትን የኤች37አርቪ ጄንባንክ ምረጡ። ሌላውን እንዳለ ተዉትና አስኪዱ። በቀኝ በኩል ያለው ሳጥን ግራጫ ከሆነ ወረፋ እየጠበቀ ነው፣ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ሲሆን እየሠራ ነው፣ አረንጓዴ ሲሆን አልቋል። ብራውዘሩን ብትዘጉም፣ መብራት ቢጠፋም ሥራው ሰርቨሩ ላይ ይቀጥላል።

ቆጠራውን ማንበብ

ከሚወጡት ፋይሎች መጀመሪያ የምትከፍቱት ጥቂት መስመር ያለውን የማጠቃለያ ጽሑፍ ነው። ለቲቢ የምትጠብቁት ይህን ነው፦ ፕሮቲን የሚሠሩ ጂኖች 4,000 ገደማ፣ ቲአርኤንኤ 45 ገደማ፣ የራይቦዞም አርኤንኤ 3፣ ቲኤምአርኤንኤ 1።

ከእነዚህ ውስጥ እጅግ የሚጠቅመው ትንሹ ቁጥር ነው። የቲቢ ባክቴሪያ የራይቦዞም አርኤንኤ ስብስብ አንድ ብቻ አለው፤ 16ኤስ፣ 23ኤስና 5ኤስ እያንዳንዳቸው አንድ። ኢ ኮላይ ሰባት ስብስብ አለው። ስለዚህ በቲቢ ፋይል ላይ 5 ወይም 6 የራይቦዞም አርኤንኤ ካያችሁ ኳስት ያላሳየውን ብክለት አገኛችሁ ማለት ነው። ሁለት ብቻ ከወጣ ደግሞ አንዱ ኮንቲግ ጠርዝ ላይ ተቆርጦ ይሆናል።

የፕሮቲን ጂኖቹ ቁጥር ወደ 5,000 ካሻቀበ፣ ርዝመቱና ጂሲው ደግሞ ልክ ከሆኑ፣ ጂኖች እየተሰበሩ ነው። በናኖፖር (ረጅም ሪድ በሚያወጣው ማሽን) የተነበበና ያልታረመ ጂኖም ላይ ይህ ያጋጥማል፤ አንድ ዓይነት ፊደል በተከታታይ በሚደጋገምበት ቦታ ማሽኑ አንድ ፊደል ያጎድላል ወይም ይጨምራል፣ ንባቡ ከመስመር ይወጣል፣ አንዱ ጂን ሁለት ወይም ሦስት ሆኖ ይቆጠራል። ምልክቱ በዝርዝሩ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ፣ ተመሳሳይ ስም ያላቸውና ከስማቸው ኋላ 1 እና 2 የተጨመረባቸው ጂኖች መብዛት ነው። መፍትሄው ከአኖቴሽኑ በፊት ነው፦ በሜዳካ፣ አጭር ሪድም ካላችሁ በፖሊፖሊሽ አሰምብሊውን አርሙና ፕሮካን እንደገና አስኪዱት።

ሙሉነትን ለመለካት ከፕሮካ የወጣውን የፕሮቲን ፋይል ቡስኮ በሚለው ፕሮግራም አሳልፉ፤ ዓይነቱን ፕሮቲን በሉት። የባክቴሪያው ስብስብ (በባክቴሪያዎች ሁሉ ይገኛሉ ተብለው የሚጠበቁ ጂኖች) ቡስኮ በሚጠቀምበት ዳታቤዝ በ10ኛው ኦዲቢ ቅጂ 124 ጂኖች አሉት። ከእነሱ በርካቶች ተደግመው ከተገኙ ብክለትን፣ በርካቶች ከጎደሉ ወይም ተቆርጠው ከተገኙ የአሰምብሊ ጉድለትን ጠርጥሩ።

ሦስት ጂኖችን በመልካቸው ማየት

ቆጠራ ብቻውን አይበቃም፤ ቁጥሩ ልክ ሆኖ ድንበሮቹ የተሳሳቱ ሊሆኑ ይችላሉ። ለዚህ ርዝመታቸው የታወቀ ሦስት የመድኃኒት ጂኖችን በሠንጠረዡ ላይ ፈልጉ። ከሪፋምፒሲን ጋር የተያያዘው አርፒኦቢ በኤች37አርቪ 3,519 ቤዝ፣ 1,172 አሚኖ አሲድ ነው። ከአይሶናያዚድ ጋር የተያያዘው ካትጂ 2,223 ቤዝ፣ 740 አሚኖ አሲድ። ከፓይራዚናማይድ ጋር የተያያዘው ፒኤንሲኤ 561 ቤዝ፣ 186 አሚኖ አሲድ። የቤዙ ቁጥር ሁልጊዜ ከአሚኖ አሲዱ ሦስት እጥፍ በ3 ይበልጣል፤ የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ማቆሚያው ናቸው።

አሁን የአርፒኦቢን መስመር በጂኤፍኤፍ 3 ፋይል (ፕሮካ የጂኖቹን ቦታ በሚዘረዝርበት) ላይ ክፈቱት። መስመሩ በታብ የተለዩ ዘጠኝ ዓምዶች አሉት፦ የኮንቲጉ ስም፣ ጂኑን ያገኘው ፕሮግራም፣ ዓይነቱ፣ መነሻ፣ መድረሻ፣ ነጥብ፣ የመደመር ወይም የመቀነስ ምልክት፣ የንባብ መነሻ፣ በመጨረሻም መለያው፣ የጂኑ ስም፣ የፕሮቲኑ ስምና ማስረጃው በነጠላ ሰረዝ ነጥብ የተደረደሩበት ረጅም ዓምድ። መድረሻው ሲቀነስ መነሻው ሲደመር 1 የጂኑን ርዝመት ይሰጣል። ቤድ የተባለው ሌላው የጂን ቦታ ፋይል ግን ከ0 ስለሚቆጥር በሁለቱ መካከል በምትሸጋገሩበት ጊዜ የአንድ ቤዝ ስህተት በቀላሉ ይገባል። ካትጂ በኤች37አርቪ ላይ በተቃራኒው ሰንሰለት ነው፤ እንዲህ ላለ ጂን በጂኤፍኤፍ ላይ «መነሻ» የተባለው ትንሹ ቁጥር የጂኑ ጭራ ነው፣ እውነተኛው መጀመሪያ ትልቁ ቁጥር ላይ ነው። ኮንቲጎች በዘፈቀደ አቅጣጫ ስለሚወጡ የእናንተ ካትጂ የመደመር ምልክት ቢኖረው አትደንግጡ።

የመጨረሻው ዓምድ ማስረጃ ክፍል ሁለት ነገር ይናገራል፦ ጂኑ በፕሮዲጋል መተንበዩን፣ ስሙ ደግሞ ከየትኛው ፕሮቲን እንደተወሰደ። ከእናንተ ፋይል የተወሰደ ከሆነ የኤች37አርቪውን የፕሮቲን ቁጥር ታያላችሁ። ከፕሮካ ዳታቤዝ የመጣ ስም ከሩቅ ዘመድ የተወሰደ ሊሆን ስለሚችል በጽሑፍ ከመጠቀሱ በፊት ይታይ።

የመነሻ ኮዶን ጉዳይ

የቲቢ አኖቴሽን በብዛት የሚሳሳተው የጂኑን መኖር ሳይሆን የት እንደሚጀምር ነው። ማቆሚያው አንድ ብቻ ስለሆነ አይጠፋም፤ መነሻው ግን ኤቲጂ፣ ጂቲጂ ወይም ቲቲጂ ሊሆን ይችላል። በ1998ቱ አኖቴሽን መሠረት በቲቢ ከጂኖቹ 35 በመቶ የሚሆኑት በጂቲጂ ይጀምራሉ፤ በኢ ኮላይ 14 በመቶ ነው። በዚያ ላይ ፕሮዲጋል መነሻ ሲመርጥ ከጂኑ ፊት ያለውን የራይቦዞም ማረፊያ ምልክት ይፈልጋል፣ በማይኮባክቴሪያ ግን ሩብ ያህሉ የአርኤንኤ ቅጂዎች ምልክቱ የሚገኝበት መሪ ክፍል የላቸውም፣ በቀጥታ ከመነሻ ኮዶኑ ይጀምራሉ። ስለዚህ ፕሮግራሙ የሚመረኮዝበት ምልክት በማይገኝበት ቦታ ሁሉ ግምቱ ይላላል።

ይህ የወረቀት ላይ ጉዳይ እንዳይመስላችሁ፣ አርፒኦቢን እንይ። ለሪፋምፒሲን መላመድ ዋናው ለውጥ ሴሪን ወደ ሉሲን የሚቀየርበት ነው። በአሁኑ የኤች37አርቪ አኖቴሽን ቦታው 450 ነው። ፕሮቲኑን 6 ኮዶን አስቀድሞ፣ በ1,178 አሚኖ አሲድ የሚቆጥረው ሌላው አኖቴሽን 456 ይለዋል። የኢ ኮላይን ቁጥር የሚከተሉ ደግሞ 531 ይሉታል። ሦስቱም አንድ ቦታ ናቸው። የእናንተ ፕሮካ መነሻውን በ18 ቤዝ ካዛወረው የለውጡ ቁጥር ከመድኃኒት መላመድ ካታሎጉ ጋር አይገጥምም፣ የተላመደ ናሙናም «ያልታወቀ ለውጥ» ተብሎ ሊያልፍ ይችላል። የመድኃኒት ጂኖችን መነሻ አንድ በአንድ በእጅ አረጋግጡ፤ ከሁሉም ጂኖች ጋር ማድረግ አይጠበቅባችሁም፣ ለእነዚህ ግን ግዴታ ነው።

በእጅ ማረም

ኢንተርኔታችሁ ደካማ ከሆነ አርቴሚስን ምረጡ። ከእንግሊዙ ሳንገር ኢንስቲትዩት የወጣ፣ በጃቫ የሚሠራ ነጻ ፕሮግራም ነው፤ አንዴ ከወረደ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። የፕሮካን የጄንባንክ ፋይል ክፈቱበት። ስድስቱ የንባብ መስመሮች ከላይና ከታች ይታያሉ፣ ጥቁሮቹ ቋሚ መስመሮች ማቆሚያ ኮዶኖች ናቸው፤ ጥቁር መስመር የሌለበት ረጅም ባዶ ሜዳ ጂን የሚቀመጥበት ነው። ከግራፍ ዝርዝሩ የጂሲ ፍሬም ፕሎትን አብሩ። ጂሲ በበዛበት ጂኖም የኮዶኑ ሦስተኛ ፊደል በብዛት ጂ ወይም ሲ ስለሆነ፣ ኮድ በሚደረግበት ቦታ ሦስቱ መስመሮች በግልጽ ይለያያሉ፣ ጂኑ ባለቀበት ይቀላቀላሉ። መነሻን ለመለየት ከዚህ የተሻለ ዓይን ለቲቢ አናውቅም። መነሻው ረዝሞ ከመሰላችሁ ጂኑን መርጣችሁ ከማረሚያው ዝርዝር ወደሚቀጥለው መነሻ ኮዶን አሳጥሩት፤ አጥሮ ከመሰላችሁ ወደ ኋላ እስከ ቀዳሚው ማቆሚያ ዘርጉትና ከዚያ መልሳችሁ አሳጥሩት። የመጀመሪያውን ፋይል ሳትነኩ በሌላ ስም አስቀምጡ።

በቡድን የምትሠሩ ከሆነ አፖሎ ይሻላል፤ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ አንዱን ጂኖም ያርማል፣ ማን ምን እንደቀየረም ይመዘገባል። ጋላክሲ ላይ መጀመሪያ የጂኖም ማሳያውን ጄብራውዝን አስኪዱ፣ ከዚያ ውጤቱን ወደ አፖሎ በሚያስገባው መሣሪያ አሳልፉ። አንድን ጂን ከማስረጃው ረድፍ ወደ ላይኛው ቢጫ ሜዳ ስትጎትቱት የሚታረም ቅጂ ይሆናል፤ በቀኝ ክሊክ የትርጉም መነሻውን ታዛውራላችሁ።

ጄብራውዝ ላይ ረድፉ ባዶ ሆኖ ከታየ ምክንያቱ ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል አንድ ነው፦ በፋስታው ላይ ያለው የኮንቲግ ስምና በጂኤፍኤፉ ላይ ያለው አይገጥሙም። የጄንባንክን ሥርዓት አክብር ስላልነው ፕሮካ ስሞቹን ቀይሯል። የመጀመሪያውን አሰምብሊ ትታችሁ ፕሮካ ራሱ ያወጣውን የኑክሊዮታይድ ፋስታ እንደ ማመሳከሪያ ስጡት። የፕሮካ ጂኤፍኤፍ ከግርጌው ሙሉውን ፋስታ ይዞ እንደሚወጣም አስታውሱ፤ ይህን የማይቀበል ፕሮግራም ሲያጋጥም ከፋስታ ምልክቱ በታች ያለውን ቆርጦ ማውጣት ይበቃል።

በዚህ ደረጃ «ጠፍቷል» የሚባል ጂን ሲያጋጥም ከመደምደማችሁ በፊት የሁለቱን ጎረቤቶቹን ቦታ እዩ። ጎረቤቶቹ በሁለት ኮንቲግ ጠርዝ ላይ ከሆኑ ጂኑ የጠፋው በአሰምብሊው ስብራት ነው። ጎረቤቶቹ በአንድ ኮንቲግ ላይ ተጠጋግተው ከተገኙ እውነተኛ መቆረጥ ሊሆን ይችላል፤ ዘር ሐረግ 7ን ከመሰለ ከኤች37አርቪ የራቀ ቅርንጫፍ በሆነ ናሙና ላይ ይህ የሚጠበቅ ነው። ተገላቢጦሹም አለ፦ በኤች37አርቪ የሌለ፣ በእናንተ ናሙና ያለ ጂን። እሱን የምታገኙት ስሙ ከታመነው ፋይል ሳይመጣ ከፕሮካ ዳታቤዝ የመጣውን ወይም ስም የለሽ የቀረውን ረጅም ጂን በመለየት ነው።

በባክታ ማመሳከርና ማስቀመጥ

ያንኑ ፋስታ ለባክታ ስጡ። ጋላክሲ ላይ ዳታቤዙ አስቀድሞ ተጭኖ ስለሚገኝ ሥሪቱን መምረጥ ብቻ ነው። በራሳችሁ ኮምፒውተር ከሆነ ግን ሙሉው ዳታቤዝ በአሥሮች የሚቆጠር ጊጋባይት ስለሆነ ከቀላሉ ሥሪት ጀምሩ። ሁለቱ በአንድ ማቆሚያ ላይ ተስማምተው በመነሻ ከተለያዩ በእጅ የሚታይ ጂን ነው። ባክታ ብቻ ያገኘው ከ30 አሚኖ አሲድ ያነሰ ፕሮቲን ካለ፣ እንዲህ ያሉ ትንንሾችን ለይቶ ስለሚፈልግ ነው፤ የፕሮዲጋል ዝቅተኛ ወሰን 90 ቤዝ ነው።

ከጨረሳችሁ በኋላ ከጋላክሲ ታሪኩ ላይ ወርክፍሎው እንዲወጣ አድርጉ። የእያንዳንዱን ፕሮግራም ቅጂና የሞላችሁትን ሁሉ ይይዛል፤ ቀጣዩን ናሙና በአንድ ማስኬጃ ትጨርሳላችሁ፣ ሁሉም ናሙና በአንድ መስፈርት ይሠራል። በፕሮካ የተሠራ ናሙናን በባክታ ከተሠራ ጋር በጂን ብዛት ማወዳደር ልዩነቱን ከባክቴሪያው ይልቅ ከፕሮግራሙ ያመጣዋል።

ወደ ጄንባንክ ስታስገቡ የራሳችሁን አኖቴሽን መላክ ግዴታ አይደለም። አሰምብሊውን ብቻ ልካችሁ የማዕከሉ የራሱ መስመር ፒጋፕ አኖቴት እንዲያደርገው መጠየቅ ትችላላችሁ። በእጅ ያረማችሁት ከሌለ ይህ ይቀላል።

ጤፍን የመሰለ ጂኖም ሲሆን

ፕሮካና ባክታ ለተክልና ለእንስሳ አይሆኑም፤ ኢንትሮን (ጂኑን በመሃል የሚከፋፍል፣ ፕሮቲን የማይሠራ ክፍል) አያውቁም። የጤፍ ጂኖም ላይ ብታስኬዷቸው እያንዳንዱን ኤክሶን (በኢንትሮኖች የተለየ የጂን ቁራጭ) እንደ ጂን ይቆጥሩታል። በ2020 የታተመው የዳቢ ዝርያ አኖቴሽን 68,255 የጂን ሞዴሎች ይዟል፣ ጤፍ ከሁለት ቅድመ አያት የተወረሰ አራት ስብስብ፣ በድምሩ 40 ክሮሞዞም ያለው ተክል ነው። እንዲህ ላለው ቅደም ተከተሉ ይቀየራል። መጀመሪያ በሪፒትሞዴለር የድግግሞሽ ቤተ መጻሕፍት ይሠራል፣ በሪፒትማስከርም ድግግሞሾቹ ይሸፈናሉ። ሽፋኑ ለስላሳ ይሁን፣ ማለትም ፊደላቱ ወደ ትንሹ ፊደል ይለወጡ እንጂ በኤን አይተኩ፤ በኤን ከተተኩ ድግግሞሽ የነካው ጂን ይቆረጣል። ሳይሸፈን ከተጀመረ ደግሞ የተዘዋዋሪ ቁራጮች ፕሮቲኖች በሺዎች እንደ ተክሉ ጂን ይቆጠራሉ።

ከዚያ የአርኤንኤ ሪዶች በሂሳት 2 ወይም በስታር ጂኖሙ ላይ ይደረደራሉ፣ ብሬከር ወይም ሜከር እሱን ከቅርብ ዘመድ ፕሮቲኖች ጋር አጣምሮ ጂኖቹን ይተነብያል። አርኤንኤው ከቅጠል ብቻ ከተወሰደ የሥርና የአበባ ጂኖች ማስረጃ ያጣሉ፣ ስለዚህ ከተለያዩ የተክሉ ክፍሎች ይሰብሰብ። ቡስኮን ስታስኬዱ ለጤፍ የሚስማማው የሣር ወገኖች ስብስብ ነው፤ በ10ኛው ኦዲቢ 4,896 ጂኖች አሉት። እዚህ አብዛኞቹ ጂኖች ሁለት ጊዜ መገኘታቸው የጤፍ የሁለት ወላጅነት ምልክት ስለሆነ እንደ ቲቢው ብክለት አይቆጠርም። በጤፍ ላይ ስጋት የሚሆነው ተቃራኒው ነው፦ የተደገሙት ጥቂት፣ ነጠላዎቹ ብዙ ከሆኑ አሰምብለሩ ሁለቱን ወገን አንድ አድርጎ አቅልጧቸዋል፣ ወደ ማገጣጠሙ መመለስ ያስፈልጋል።